ከባሌስትራው የወጣች ብረት

ባለፈው ሳምንት ቆራሌው በራችን ላይ መጥቶ ነበር። ጆንያውን መሬት ጥሎ፣ በሩ እንዳይዘጋ የምናስደግፍባትን ብረት በእግሩ ነካ አደረገና «እማማ፣ ይቺ አትሸጥም?» አለኝ። ክንድ የምታህል፣ ጎበጥ ያለች ዝገታም ብረት ናት። «አትሸጥም!» ስለው ሳላስበው ጮኬ ኖሮ ልጁ ደነገጠ። ከሄደ በኋላ ጎንበስ ብዬ አነሳኋት። መዳፌ ላይ ዝገት ቀረ። ሳሸተው ግራሶ ግራሶ አለኝ። ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ሊሸት እንደማይችል አውቃለሁ፤ ግን ሸተተኝ።

ልጄ፣ አንቺ የበር ማስደገፊያ ስትያት የኖርሽው የመኪና ባሌስትራ ናት። ከመኪናው ሥር ተደራርበው ጭነት ከሚሸከሙት ብረቶች አንዷ። እኔ ጋ እንዴት እንደመጣች ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በንጉሡ ዘመን ነው። ሮቤ ገና ትንሽ የገበያ ከተማ ነበረች፤ ትልቁ ነገር ሁሉ ጎባ ነው ያለው። አባቴ የእህል ነጋዴ ነበር። ከቤታችን ወረድ ብሎ አንድ ጋራዥ ነበር፣ ጋራዡ ውስጥ አንድ ወጣት መካኒክ ነበር፣ እኛ ቤት ደግሞ አንድ ቡታጋዝ ነበር። ቡታጋዙ በየሳምንቱ ይበላሻል፤ እኔ ወስጄ አሠራለሁ። እናቴ «ይሄን ዕቃ ምን ነካው?» እያለች ትገረማለች። የምነካው እኔ ነበርኩ።

መካኒኩ ሞተሯ ደህና፣ ካቢናዋ ደህና፣ ሻንሲዋ ግን በዝገት ያለቀ አሮጌ ፒካፕ ነበረችው። ሻንሲ የመኪና አጥንቱ ማለት ነው፤ ሁሉም ነገር እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ከጋራዡ ጀርባ፣ ሳር የበቀለበት ቦታ፣ ሊተካላት የሚችል ሁለት ሻንሲ ነበር። አንዱ ከወታደር መኪና የወጣ፣ ወፍራምና ከፍ ያለ። ሌላው ቀጠን ብሎ ወደ መሬት ዝቅ ያለ። የጋራዡ ባለቤት «ከፍ ያለውን ግጠም» አለው። ያየ ሁሉ ከፍ ያለውን አለው። እሱ ግን እኔን ጠየቀኝ።

ካቢናዋን በከፍተኛው ሻንሲ ልክ በግንድ ላይ ከፍ አድርጎ አስቀመጠና በኦሮምኛ «ኮቱ» አለኝ፤ «ነይ፣ ውጪ እስቲ።» ረጅም ቀሚስ ነበር የለበስኩት። እግሬን ሳነሳ ቀሚሱ ያዘኝ፤ ሰብሰብ ሳደርገው ቅልጥሜ ወጣ። የጋራዡ ባለቤት ፊቱን አዙሮ ሳል ያዘው። እኔ በሳቅ ሞትኩ፤ መካኒኩ ግን እስከ ጆሮው ቀላ።

«ሙሽራ እንዲህ አትገባም» አለ።

ይህ ቃል ከዚያ በፊት በመካከላችን ተነስቶ አያውቅም ነበር። «እንግዲያው ዝቅ አድርጋት» አልኩት፣ መሬት መሬት እያየሁ። ዝቅተኛው ሻንሲ ተመረጠ።

ያም አልበቃው። ከባሌስትራዎቹ ላይ ብረት እየቀነሰ ይበልጥ አወረዳት። የከሰዓት ፀሐይ በቆርቆሮው ሽንቁር እየገባ ጀርባው ላይ ያርፋል። ክሪኩን ሲያወርድ እንደ ሰው ያናግራታል፤ «ሱታ፣ ሱታ»፣ ቀስ በይ። ሲጨርስ እግሬን ሳላነሳ ቁጭ አልኩባት፤ ዱካ ላይ የመቀመጥ ያህል ነበር። ከወጡት ብረቶች አጠር ያለችውን ጠራርጎ ሰጠኝ። «አንቺ ጋ ትቀመጥ። ሰው ሲስቅብኝ ተናድጄ እንዳልመልሳት።»

ሰውም ሳቀበት። አባቴ የሁለታችንን ነገር ሳይጠረጥር አልቀረም፤ ሊፈትነው መሰለኝ፣ በክረምት ከጎሮ ስንዴ እንዲያመጣለት ላከው። የዚያን አገር ዋልካ፣ ጥቁሩን ጭቃ ታውቂያለሽ። የመኪናዋ ሆድ ጭቃው ላይ ተኝቶ ቀረ፤ በበሬ ነው የጎተቷት። ስንዴው በሰበሰ።

መካኒኩ ሽማግሌ የላከ ዕለት ከጓዳ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ። «ሆዷን መሬት ለመሬት የምትጎትት መኪና ይዞ ልጄን ምን ሊያበላት ነው?» አለ አባቴ። ሊለምኑለት የመጡት ሽማግሌዎች ሳቁ። ከአባቴ ቃል ይልቅ የእነሱ ሳቅ ነው የገደለኝ።

በማግስቱ ብረቷን በነጠላዬ ሸፍኜ ወሰድኩለት። «መልሳት፣ ከፍ አድርጋት። ስትሸከም ካየ አባዬ ልቡ ይራራል» አልኩት።

እጁን አልዘረጋም። «ሰጠሁሽ እኮ! በጋ ይመጣል። መንገዱ ሲደርቅ እሷም ትሸከማለች።»

በጋው መጣ። ከበጋው ጋር ግን ከጎባ ሌሎች ሽማግሌዎች መጡ፤ ለአንድ የመንግሥት ጸሐፊ። አባቴ እሺ አለ። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም።

ሠርጉ ሲቃረብ አባቴ መኪና ቢያፈላልግ ያገኘው የጭነት መኪና ብቻ ሆነ። ሙሽራ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቀሚሷን ሰብስባ ልትንጠላጠል ነው? ሙሽራ እግሯን ሳታነሳ የምትገባባት መኪና በሮቤ አንዲት ብቻ ነበረች። አባቴ ሄዶ መካኒኩን ለመነው። የጋራዡ ባለቤት «እምቢ በል» ቢለው «ለእሷ አይደል የሠራኋት? በሌላ መኪና ስትንጠራራ ልያት?» አለው አሉ።

ሚዜዎቹ የልብስ ሳጥኔን ሲያነሱ «ሙሽራዋ ድንጋይ ነው እንዴ የያዘችው?» እያሉ ቀለዱ። ብረቷ ከሥር ነበረች። ካቢናው ውስጥ እሱ መሪውን ይዞ፣ ባለቤቴ ከመሃል፣ እኔ በበሩ በኩል ተቀመጥን። ፊቴ ተሸፍኗል፤ ጆሮዬ ግን አልተሸፈነም። መንገዱ ደርቆ፣ ገብሱ ታጭዶ፣ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ነበር። መኪናዋ በዝግታ ትሳብ ነበር።

«ምነው ቀስ አልክ? ሰው እየጠበቀን ነው» አለው ባለቤቴ።

«መንገዱ ጎርባጣ ነው ጌታዬ» አለ። ጎርባጣ አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ ከትንፋሹ በታች «ሱታ፣ ሱታ» ሲል ሰማሁት። በመሸፈኛው ሥር አለቀስኩ፤ ሙሽራ ስታለቅስ ደግሞ ማንም ለምን አይላትም።

ባለቤቴ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ነፍሱን ይማር። አባትሽ ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን እንደዚያ ሰው የወደድኩት የለም።

ቀጣዩ ክረምት ሲገባ፣ ጎባ ገበያ ዳር ቆሜ ፒካፗ ስትመጣ አየኋት። ገብስ ጭና፣ ከፍ ብላ፣ ጭቃውን እየሰነጠቀች። ብረቶቹን መልሷቸዋል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። በአጠገቤ ስታልፍ ነው ያየሁት፦ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብላለች። በእኔ በር በኩል። የጎደለችውን ብረት ከየትኛውም ጋራዥ ውዳቂ መሃል ለቅሞ መተካት ይችል ነበር። አልተካትም።

እኔ ሳልኖር ቆራሌው ተመልሶ ከመጣ፣ ልጄ፣ አደራሽን፣ ብረቷን እንዳትሰጪው።