በኒሙ ዙሪያ የዞረው መንገድ

ትናንት ባለሱቁ ደጁ ላይ ውሃ ሲያርከፈክፍ ሽታው መጣብኝ። የጋለ አፈር ውሃ ሲነካው የሚያወጣውን ሽታ ታውቀዋለህ። እኔን ቀጥ አድርጎ የወሰደኝ ከዚራ ሰፈር ወደነበረው፣ ዛፍ ወደዋጠው ቤታችን ነው።

አባቴ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር። ጡረታ በወጣ ሰሞን የግቢያችንን ፊት ለፊት እንደ አዲስ ካልሠራሁ ብሎ ተነሣ። ከውጭው በር እስከ ቤቱ ደጃፍ ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ፣ ግራና ቀኙ አበባ። ዕድሜ ልኩን ሐዲድ ሲያቀና የኖረ ሰው ነውና ሲባጎ ወጠረ። ሲባጎው ሄዶ ግቢው መሐል ከቆመው የኒም ዛፍ ጋር ተላተመ።

"ይቆረጣል" አለ፣ አረም የሚነቅል ይመስል።

እናቴ ክው አለች። ከሰዓት በኋላ በሙቀቱ ሱቅ ሁሉ ሲዘጋ፣ መጋላ ገበያ ጨርቅ የምትሸጠው ሶማሌዋ ጎረቤታችን ትመጣለች፤ ሁለቱ ከኒሙ ሥር ሰሌን አንጥፈው ይጫወታሉ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ጎረቤታችን ጓዟን ጠቅልላ ጅግጅጋ ልጇ ጋ ልትገባ ነበር።

"እስክትሄድ እንኳ ተወው" ብላ እናቴ ለመነችው።

ጎረቤታችን ሳቀች። "አቦ ተይው! ወላሂ፣ ይሄ ሰውዬ ባቡሩን መኝታ ቤት ድረስ ሊያስገባው ነው!"

አባቴም ሳቀ። ዛሬ ሦስቱም የሉም፤ ያን ቀን ግን እንዴት እንደሳቁ!

ድንጋዩ ከበሩም ከደጃፉም ተነጥፎ መጣና ዛፉ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሴቶቹ መሐሉ ላይ ሰሌናቸውን ዘርግተው ስለ ጨርቅ፣ ስለ ሰው ሠርግ ያወሩ ነበር። ስለ መሄዷ ሲያነሱ አልሰማሁም።

የሄደች ዕለት እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ "በል፣ አሁን ቁረጠው" አለችው። ያን ድምፅዋን እስከ ዛሬ አልወደውም።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ኒሙ ቆሟል። አባቴ ተንበርክኮ ግንዱን የሚዞር መንገድ ያነጥፋል፣ ያለ ሲባጎ። ጎበጥ ያለ ነገር ሠርቶ እንደማያውቅ ያስታውቅበታል፤ ድንጋዮቹ ወዲያና ወዲህ ይንጋደዱ ነበር። ሲጨርስ ታጠበ፣ ሽርጡን አገለደመ፣ ሰሌኑን ራሱ አንጥፎ ተቀመጠ። በዚያ የሙቀት ሰዓት እንቅልፉን ትቶ የማያውቅ ሰው! እግሩን የት እንደሚያደርገው እንኳ ጨንቆታል።

እናቴ ወጥታ ቆማ አየችው።

"ትንሽ ጠጋ በል" አለችው ቀስ ብላ። "እሱ የሷ ቦታ ነው።"

አባቴ ጠጋ አለ።