ባውክዬ ባሏን ከጀልባ አላወርድም ያለች ጊዜ

በክረምት በእኛ ወደብ ሻይ ማፍላት የግል ጉዳይ አይደለም። ማፍያውን ሶኬት ላይ ከመሰካትህ በፊት ከጀልባህ ብቅ ትልና የጀልባውን የብረት አጥር በማንኪያ ሁለቴ ትመታለህ። ጎረቤቶችህ ይሰሙና የራሳቸውን ያቆያሉ። ሁለት ሰው እኩል ካፈላ የመቆሚያው ብሬከር ይወርዳል፤ በመቆሚያው የታሰርን ጀልባዎች በሙሉ ድርግም እንላለን። ብሬከሩ ያለበት ሳጥን ተቆልፏል። ቁልፉ የወደቡ ማኅበር ሊቀ መንበር የሲከማ ኪስ ውስጥ ነው። ሲከማ ደግሞ የሚኖረው መንደር ውስጥ፣ የሞቀ ቤት ነው።

ለሽርሽር የሚመጡ ሰዎች ማንኪያውን ሲሰሙ "እንዴት ደስ ይላል፣ ተሳስባችሁ ነው የምትኖሩት!" ይሉናል። ምን መተሳሰብ ነው? ወፍራም የመብራት ገመድ የከለከሉት ሰው የፈጠረው መላ ነው። በየዓመቱ ስብሰባ ላይ ጥያቄው ይነሳል፤ በየዓመቱ "ይታሰብበታል" ይባላል። የመዝናኛ ጀልባ ያላቸው ሰዎች የሚያርፉበት የወዲያኛው መቆሚያ ግን ሳይታሰብበት ታድሷል። እነሱ በበጋ ሁለት ሳምንት ይመጣሉ። እኛ እዚህ እንኖራለን፣ እዚህ እናረጃለን።

ባውክዬ ያረጀችው እዚህ ነው። የተወለደችው ግን የትም ነው ማለት ይቻላል፤ አባቷ ድንች ጭኖ በፍሪስላንድ ቦዮች ሲሄድ፣ በሁለት ድልድዮች መሀል። መራመድ የተማረችው ወገቧ ላይ ገመድ ታስሮ፣ የገመዱ ጫፍ ምሰሶው ላይ ተቋጥሮ ነው፤ የጀልባ ልጅ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያድገው። የባሏ የኡኔ አባት የሲሚንቶ ጀልባ ነበረው። ሁለቱ በአንድ ድልድይ ሥር ተራ ሲጠብቁ ተዋወቁ፤ ተጋቡ፤ ትልልቆቹ ጀልባዎች መጥተው ሥራውን እስኪነጥቋቸው ድረስ አሸዋና ድንች ሲያመላልሱ ኖሩ። ያቺው ጀልባ አሁን ቤታቸው ናት።

ኡኔ ከአባቱ የወረሰው ሲሚንቶውን ነው። ሳንባው ውስጥ ቀረ። ሐኪሞቹ አንድ ማሽን ሰጡት፤ ከአየሩ ላይ ኦክስጅን ለይቶ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫው የሚልክ። ማሽኑ በመብራት ነው የሚሠራው። መብራት ሲጠፋ እሪ ይላል፤ ኡኔም መጠባበቂያ ወደተሰጠው ትንሽ ሲሊንደር ይዛወራል። ሲሊንደሩ ብዙ አይቆይም።

አንድ እሑድ ከሰዓት ብሬከሩ ወረደ። ሲከማ ልጁን ሊጠይቅ ሌላ ከተማ ሄዷል፤ ቁልፉም አብሮት ሄዷል። እኔ ጎረቤታቸው የብሬከሩን ሳጥን በድጅኖ ሰብሬ እስክከፍት ድረስ ኡኔ ሲሊንደሩን ሊጨርስ ምንም አልቀረውም ነበር። ለሰበርኩት ሳጥን ማኅበሩ ተግሣጽ ጻፈልኝ። ለኡኔ የጻፈ የለም።

በማግስቱ የቤት ለቤት ነርሷ ሂንኬ መጣች። ወጣት ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው።

"ወይዘሮ ባውክዬ፣ እንዲህ መቀጠል አይቻልም" አለች። "ከተማ ያለው የአረጋውያን ቤት ለጋሽ ኡኔ አንድ ክፍል ይዞላቸዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ እመጣለሁ። የመቆሚያውን ሶኬት በገዛ እጄ እነቅላለሁ። ማሽኑ ከቆመ ጋሽ ኡኔ ይወርዳሉ።"

"ካልቆመስ?"

"ካልቆመ ምን እላለሁ? ይቀመጣሉ።"

ኡኔ አልጋው ላይ ሆኖ "የማይወዛወዝ ቤት ውስጥ እንቅልፍ አይወስደኝም" አለ። ቀልድ መስሎን ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

ሲከማ ነገሩን ሲሰማ መጥቶ መቆሚያው ላይ እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ። "ባውክዬ፣ ሰው አርጅቶ መሬት ቢወርድ እኮ ነውር የለውም።"

"አንተ መሬት ላይ ተወልደህ ይኸው እስካሁን አልበሰልክም" አለችውና በሩን ዘጋችበት።

ከዚያ ባውክዬ አንድ የኤሌክትሪክ ሳጥን ገዛች። ሁለት ሥራ የሚሠራ አንድ ሳጥን ነው፤ ቻርጀርም ኢንቨርተርም። የመቆሚያው መብራት ሲኖር የጀልባዋን ባትሪዎች ይሞላል፣ መብራቱንም ወደ ቤት ያሳልፋል። ሲጠፋ የባትሪውን ጉልበት ወደ ቤት መብራት ይቀይራል፤ ዓይን ሳይጨፈን። የመንደሩ ኤሌክትሪሺያን "ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ" አላት። ፋሲካ! እሷ ያላት እስከ ሐሙስ ነው።

መመሪያውን ጮክ ብላ ለኡኔ ታነብለታለች፣ እሱ ይተቻል።

"'ደረቅ፣ ቀዝቃዛና አየር የሚዘዋወርበት ቦታ ላይ ይሰቀል' ይላል።"

"ጀልባ ላይ?" አለ ኡኔ ቱቦውን እያስተካከለ። "የሲከማን ሳሎን ነው የሚሉት።"

"'ከባትሪዎቹ በላይ አይሰቀል' ይላል ደግሞ።"

"እሱስ ልክ ነው። ባትሪ ይተነፍሳል። እንደኔ አይደለም።"

ሞተር ክፍል ውስጥ፣ ከባትሪዎቹ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ሰቀልነው ስል እኔ እንደ ጥጃ የሚከብደውን ሳጥን አቅፌ ቆምኩ፣ እሷ ብሎን አሰረች። "ያዝ እንጂ ቲያርድ! ምን ያስጨፍርሃል?" ትለኛለች። ከባትሪው የሚመጣው ገመድ አውራ ጣት ያክላል። እኔ ትርፍ ይኑረው ብዬ ረዘም አድርጌ ልቆርጥ ስል እጄን መታችው፤ ገመዱ በረዘመ ቁጥር ጉልበቱ መንገድ ላይ ይቀራል። በየጫፉ የመዳብ ቀለበት ጨመቀች፤ ፊውዙን ከባትሪው ሥር አስገባች፤ እያንዳንዱን ብሎን ካሰረች በኋላ ገመዱን ጨብጣ እንደ በሬ ገተተችው። የላላውን ፈትታ እንደገና አሰረችው። እኔ ተሰላችቼ ነበር። እሷ አልተሰላቸችም።

ዋናው ነገር ግን የመጨረሻው ነው። ሳጥኑ ከመቆሚያው ምን ያህል እንዲወስድ መንገር ያስፈልጋል። ፋብሪካው የላከው ብዙ እንዲጎትት አድርጎ ነው፤ ፋብሪካው ሲከማን አያውቀውም። ባውክዬ ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ አንድ የሻይ ማፍያ እንኳ ወደማያፈላ መጠን አወረደችው። "ከዚህ በላይ ከወደቡ አትለምን" አለችው ለሳጥኑ። "የጎደለህን ከባትሪው ሙላ።"

ከዚያ ልትመለስ መፍቻዎቹን እዚያው ትታ ወጣችና ማፍያውን ሰካች። ማንኪያ አላነሳችም። ማፍያው እየጮኸ የኤሌክትሪክ ምጣዱንም ሰክታ የአሳማ ሥጋ መጥበስ ጀመረች። ጎረቤቶች አንድ በአንድ ከጀልባቸው ራሳቸውን አወጡ፤ ጨለማውን እየጠበቁ። ጨለማው አልመጣም።

"ባውክዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?" አለ አንዱ።

"ምሳ" አለች።

ሐሙስ መጣ። ሂንኬም መጣች። ያልተጠራው ሲከማም መጣ። የአተር ሾርባው ምድጃ ላይ ነው፤ ኡኔ ፀጉሩን ተበጥሮ፣ ንጹሕ ሹራብ ለብሶ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ባውክዬ ለመጨረሻ ጊዜ ሞተር ክፍል ወርዳ ሁሉን አየችና እጇን እየጠረገች ወጣች።

"ንቀይው" አለቻት ሂንኬን።

ሂንኬ መቆሚያው ላይ ወጥታ ሶኬቱን ነቀለች።

ማሽኑ እሪ አለ።

ሂንኬ እየሮጠች ተመልሳ ቱቦውን ወደ ሲሊንደሩ አዞረች። ባውክዬ እንደ ምሰሶ ደርቃ ቀረች። ኡኔ ትንፋሹን ሰብስቦ "የምትገድሉኝ ከሆነ ሾርባውን ልብላ መጀመሪያ" አለ። ሲከማ "እንግዲህ..." ብሎ ጀመረና የእኔን ፊት ሲያይ ተወው። ሶኬቱን መልሼ ሰካሁት።

ባውክዬ ሞተር ክፍል ወረደች። ወዲያው ነው የተመለሰችው፤ ቀኝ እጇን ዘርግታ፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል እያየችው።

"እጄ ነው" አለች። "ቀዩን ቁልፍ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ለጀልባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሂንኬ ግን የመሬት ልጅ ናት። ሞተር ክፍሉ በር አጠገብ የባትሪዎቹን መስመር በሙሉ የሚቆርጥ ቀይ ቁልፍ አለ። ከዚያ ክፍል የመጨረሻ የወጣ ሰው ያጠፋዋል፤ የሞቀ ገመድ ተኝተህ እንዳያቃጥልህ። ባውክዬ ይህን ያወቀችው ማንበብ ሳታውቅ ነው። አባቷ ረስታ ስትወጣ በጥፊ ያስታውሳት ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ እጇ ያንን ቁልፍ ሳይጠይቃት ሲያጠፋ ኖሯል። አሁንም አጠፋው። ሳጥኑ ባትሪ ሳይኖረው ቀረ።

"እንግዲህ ሳጥኑ ደህና ነው ማለት ነው!" አልኩ። "አብሪውና እንደገና ይሞከር!"

ሂንኬ ራሷን ነቀነቀች። "ሳጥኑ እንደሚሠራ አምናለሁ፣ ወይዘሮ ባውክዬ። እጅዎን ግን አላምነውም። ዛሬ ሳያስቡት ያጠፉትን ነገ እሳቸው ተኝተው ያጠፉታል።"

ደሜ ፈላ። ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ከቶ የሚዞረው ሰውዬ ቆሞ እያየ የምትጠየቀው እሷ ናት? አፌን ከፈትኩ።

"ዝም በል ቲያርድ" አለች ባውክዬ። "ልጅቷ እውነቷን ነው።" ከዚያ ወደ ሂንኬ ዞረች። "ስንት ሰዓት ነው የምትሄጂው?"

"ሌላ በሽተኛ አለብኝ... ግን ትንሽ እቆያለሁ።"

"ሾርባ ብዪ። አንተም ብላ ሲከማ፣ ከመጣህ አይቀር። ቲያርድ፣ አንተ ና።"

እኔ መብራት ያዝኩ። እሷ የሳጥኑን ገመድ ከቀዩ ቁልፍ በስተጀርባ ፈታችው። ስናስቀምጠው ሳናስበው ከሌላው ሁሉ ጋር ያኖርነው እዚያ ነበር፤ የጀልባ ሰው ሁሉንም ነገር ከቀዩ ቁልፍ ጀርባ ነው የሚያኖረው፣ ቁልፉ ሲጠፋ ሁሉም አብሮ እንዲጠፋ። አሁን ገመዱን በራሱ ፊውዝ አድርጋ በቀጥታ ባትሪው ላይ አሰረችው። የራሱ ማጥፊያ ሰጠችው፤ ማጥፊያውን ደግሞ ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ፣ ከፍ አድርጋ፣ በሩ አጠገብ ሳይሆን በወዲያኛው ግድግዳ ላይ አደረገችው። እሳት ቢነሳ ይደረስበታል። እጅ ግን ሳታስብ አይደርስበትም።

"አባቴ ቢያየኝ" አለች ብሎኑን እያጠበቀች።

"ምን ይልሽ ነበር?"

"በጥፊ ይለኝ ነበር። ከዚያ 'ጎበዝ' ይላል።"

ስንወጣ ሂንኬ ሁለተኛ ሳህን ላይ ነበረች። ባውክዬ እጇን ያዘቻትና ሞተር ክፍሉ በር ድረስ ወሰደቻት። "እዪኝ" አለች። ወጣች፣ በሩን ልትዘጋ ዞረች፣ ቀዩን ቁልፍ ቀጭ አድርጋ አጠፋችው። የጣሪያው ትንንሽ መብራቶች ጠፉ። የውሃው ፓምፕ ዝም አለ። የኡኔ ማሽን ግን ይተነፍሳል።

"አሁን ሂጂና ንቀይው።"

ሂንኬ ወጣች። ሶኬቱን ነቀለች፤ ገመዱን ይዛ በመስኮት አሳየችን። ማሽኑ ትንፋሹን ሳብ፣ ለቀቅ፣ ሳብ፣ ለቀቅ። የግድግዳው አምፖል እንኳ አልተርገበገበም። ኡኔ እጁን አፍንጫው ላይ አድርጎ አየሩን ለካና አውራ ጣቱን ቀሰረ። ባውክዬ "ሂ!" ብላ ጮኸች፤ ሴትየዋ ስትጮህ የሰማሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። ጠረጴዛውን በቡጢ መታችው፣ ሾርባው ዘለለ። ጎረቤቶች ከየጀልባቸው ወጥተው የብረት አጥሩን በማንኪያ፣ በመፍቻ፣ በእጃቸው ያገኙትን ሁሉ ይዘው ይቀጠቅጡት ጀመር።

ሂንኬ ሶኬቱን መልሳ አልሰካችውም። እንደ ተነቀለ ተወችው፣ ተመልሳ ሾርባዋን ጨረሰች፣ ዳቦዋን ጨረሰች፣ ስለ ሐኪሙ ቀጠሮ ከኡኔ ጋር ተነጋገረች። ማሽኑ ሳብ፣ ለቀቅ። ከዚያ ተነሳች።

"ጋሽ ኡኔ ይቀመጣሉ" አለች። "ለአረጋውያኑ ቤት ዛሬውኑ እደውላለሁ፤ ክፍሉን ለሚፈልገው ይስጡት።"

ሲከማ ጉሮሮውን ጠራረገ። "እኔም እኮ ስለ ገመዱ ጉዳይ ለማኅበሩ... ይታሰብበታል..."

"አስቡበት" አለችው ባውክዬ። "በጣም አስቡበት። የሌሎቹ ጀልባዎች ሰዎችም ሳንባ አላቸው። እኛ ግን ስታስቡ አንጠብቃችሁም።" ቀዩን ቁልፍ መለሰችና ሞተሩን አስነሳች። ጀልባዋ በሙሉ ተንቀጠቀጠች። ሞተሩ ሲሄድ ባትሪውን ራሱ ይሞላል።

"የት ልትሄዱ ነው?" አለ ሲከማ ከጀልባው እየዘለለ ወደ መቆሚያው።

"ሐይቁ ላይ!" አለ ኡኔ ከውስጥ። ቱቦ አፍንጫው ላይ ከተሰካ ጀምሮ ሐይቁን ያየው በመስኮት ነበር።

ሂንኬ ወደ ሌላው በሽተኛዋ ከመሄዷ በፊት የፊቱን ማሰሪያ ገመድ ፈታች፤ እንዴት እንደሚፈታ ባታውቅም ባውክዬ እየጮኸች አሳየቻት። እኔ የኋላውን ፈታሁ። ረጅሙን ቱቦ ይዘን ኡኔን ወደ መሪው ክፍል ደግፈን አወጣነው፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን መሪው ላይ አሳረፈ።

"ወደ ግራ! ወደ ግራ ነው ያልኩሽ፣ አንቺ ሴት!"

"መሪውን የያዝከው አንተ ነህ እኮ! ትንፋሽ ስታገኝ መጀመሪያ እኔ ላይ ትጮህበታለህ?"

ድልድዩ ለእኛ ተነሳ። ዞር ብዬ ሳይ ሲከማ መቆሚያው ላይ ቆሟል፤ ሂንኬ ነቅላ የተወችውን የመቆሚያውን የመብራት ገመድ አንስቶ፣ ሶኬቱን ይዞ፣ የሚሰካበት አጥቶ።