በምራቅ የተፈተነው የብየዳ ካውያ

የልጅ ልጄ ራዲዮ ትጠግናለች። የብየዳ ካውያዋ ሲቃጠል አዲስ ልትገዛ ፒያሳ ስትሄድ፣ እንዳያታልሏት ብዬ ተከተልኳት።

ሻጩ ካውያውን ሶኬት ላይ ሰክቶ፣ ሲግል ጣቱን በምራቅ አርሶ ነካው። ቸስ አለ።

«አዩት እማማ? እሳት እኮ ነው!»

ልጅቷ ግን «መጋሉ ብቻ አይበቃም፤ በያዝኩት አሮጌ የራዲዮ ቦርድ ላይ ልሞክረው» አለች።

እኔ ተቆጣኋት። «ሰውየው በፊትሽ አሳየሽ፤ ከዚህ በላይ ማንገላታት ግፍ ነው!»

አፍራ ገዛችው።

በማግስቱ የአንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችንን ራዲዮ ስትሠራ፣ ካውያው ከልክ በላይ ግሎ የቦርዱን የመዳብ መስመር ላጠው። የሟች ባለቤታቸው ራዲዮ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ራዲዮው አልሠራም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለቻቸው።

ለማላውቀው ነጋዴ የተሟገትኩት እኔ፣ አጠገቧ ቆሜ አንድ ቃል አልተነፈስኩላትም።