ከገበያው ጀምር

ሮቤ ላይ ልጅ ሳለሁ አያቴን የማውቃቸው በአንድ ኮረብታ ብቻ ነበር። የአባቴ አባት ናቸው፤ በእርስ በርሱ ጦርነት ሰሜን ዘምተው በወጣትነታቸው ሞተዋል። ታላቅ ወንድማቸው አባባ ከድር ግን በየምሽቱ፣ የኩበቱ ጢስ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ፍሙን እየቆሰቆሱ ያስነሷቸው ነበር። ተረቱ ሁልጊዜ «ኮረብታው ላይ ብቻውን ቀረ» ተብሎ ይጀመራል፤ ከዚያ ጥይት ያልቃል፣ ሳንጃ ይመዘዛል፣ ጠላት ራሱ ጀግንነታቸውን ይመሰክራል። ያኔ የሳነቴ ተራራ ብርድ በበሩ ስንጥቅ እየገባ ፋኖሱን ሲያወዛውዘው፣ ግድግዳው ላይ የሚገዝፈው የአባባ ከድር ጥላ አያቴ ይመስለኝ ነበር። አባባ ከድርን እንዴት እወዳቸው ነበር!

የአባቴ ታላቅ እህት አዳዳ ዘይነባ ተረቱ ሲጀመር ጋቢዋን ተከናንባ ትወጣለች። ሐዘን ይመስለኝ ነበር።

አንድ ምሽት ዝናቡ አላስወጣ አላት። አባባ ከድር ጉሮሯቸውን ጠርገው «ኮረብታው ላይ…» ከማለታቸው፣

«ከገበያው ጀምር» አለች።

ያኔ ገበያው ምን እንደሆነ አልገባኝም። ያስደነገጠኝ «ጀምር» ማለቷ ነው፤ በእኛ ቤት እሳቸውን አንተ የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም።

«ጨሊሲ!» ብለው ጮሁባት፤ ዝም በይ ማለታቸው ነው።

«ዝም ብዬ ኖሬያለሁ። የቀበሌ ጥበቃ ነበርክ፤ ያን ቀን ገበያው ተከቦ ወጣት ለጦርነት እንደሚታፈስ ታውቅ ነበር። በሬውን ወደ ገበያ ሊነዳ የተነሳው ልጅህ ነው። ከበር ላይ መለስከውና አባቴን ላክኸው። ወላሂ አይቻለሁ! ምንም ሳላውቅ በትሩን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።»

አልካዱም። «አላህ የጻፈው ነው» ብለው ፍሙን ቆሰቆሱ፤ ከዚያ ምንም እንዳልተባለ ሁሉ «ኮረብታው ላይ ብቻውን ቀረ» ብለው ቀጠሉ።

እዚያው ጠላኋቸው። ከዚያ ምሽት በኋላ በአፌ አንቱ እያልኩ በልቤ አንተ እያልኩት ኖርኩ፤ እዚህም ከአሁን በኋላ የምጽፈው በልቤ እንደምጠራው ነው።

ባለፈው ክረምት አልጋ ላይ መዋሉን ሰምቼ ልጠይቀው ሄድኩ። የልጅ ልጆቹ ከበውታል፤ ጢሱም ፍሙም ያው ነው፤ ለተረት የሚበቃ ትንፋሽ ግን አልቀረውም።

«የወንድሜን ታሪክ አንቺ ንገሪያቸው» አለኝ።

«ጠዋት ነበር» ብዬ ጀመርኩ፤ «በሬው ደጅ ቆሞ ነበር።»

እጁን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ክንዴን ያዘኝ። «ልጄ፣ ከኮረብታው ጀምሪ።» በዕድሜዬ ሲለምነኝ ያን ጊዜ ብቻ ሰማሁት። አላዘንኩለትም። ልጆቹ ዓይናቸውን ተክለውብኝ እስከ ገበያው ድረስ ነገርኳቸው፤ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ያን ኮረብታ ያየ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ገበያው ግን አሁንም በየሳምንቱ ይቆማል፤ በሬ የሚነዳ ወጣት ባየሁ ቁጥር፣ ማን እንደላከው አስቁሜ መጠየቅ ያምረኛል።