«ፍቀድ»ን የተጫነው ጣት

አሰላ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ሱቄ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ደጅ ይጠብቃል። በቀን አሥር ሰው «ማሂ፣ ስልኬ ጉድ አመጣ» ብሎ ይመጣል። ሲያሳዩኝ ስክሪኑ ላይ ማስታወቂያ በማስታወቂያ ላይ ይዘንባል፦ ስልክህ በአምስት ቫይረስ ተመርዟል፣ መኪና አሸንፈሃል፣ እገሊት ፎቶ ልካልሃለች። ሁሉንም አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። «ማነው ፍቀድ የሚለውን የተጫነው?» ሁሉም አንድ መልስ ነው ያላቸው። «እኔ አይደለሁም።» እኔም እስቃለሁ፤ ምክንያቱም ይሄ ነገር በር ሰብሮ አይገባም። አንድ ገጽ ስትከፍት «ማሳወቂያ ልላክልህ?» ብሎ ይጠይቅሃል፤ ከሥሩ «ፍቀድ» እና «አግድ» አለ። ፍቀድ ያልክ ቀን የቤትህን ቁልፍ አስረክበሃል፤ ከዚያ በኋላ ገጹን ብትዘጋውም እሱ መግባቱን አያቆምም።

ጋሽ ከዲሮም «እኔ አይደለሁም» ሲሉኝ ሳቅኩ። ያን ሳቄን እስከ ዛሬ አልወደውም።

ጋሽ ከዲሮ ሳጉሬ የሚኖሩ ላም አዳቃይ ናቸው። የኮርማ ዘር በብርድ የሚቀመጥበትን፣ ክዳኑ ሲነሳ ነጭ ጉም የሚተፋውን ዕቃ ሞተራቸው ላይ አስረው ሠላሳ አንድ ዓመት በሳጉሬ ዙሪያ ያለውን ቀበሌ ሁሉ ዞረዋል። ሥራው ቀልድ አያውቅም። ላም ጠዋት ኮርማ ከፈለገች እስከ ማታ መድረስ አለባቸው፤ ካመለጠች ሌላ ሃያ አንድ ቀን መጠበቅ ነው፣ ገበሬውም የሃያ አንድ ቀን ወተት ከሰረ ማለት ነው። ስለዚህ የጋሽ ከዲሮ ስልክ ሳይነሳ ቀርቶ አያውቅም። ሶላት ላይ ካልሆኑ በቀር ገና ሳይጠራ አንስተው፣ ከሰላምታ በፊት «ላሟ ነች?» ይላሉ። ሰዉ ሁሉ በዚህ ያሾፍባቸዋል። ባለቤታቸው እንኳ ዘይት ግዛ ልትል ስትደውል «ላሟ ነች?» ይሏታል አሉ።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ቀን ላይ ባል ወይ እርሻ ነው ወይ ገበያ። ላሟን የምታልበውም ምልክቱን የምታየውም ሴቷ ነች፤ የምትደውለውም እሷ። ጋሽ ከዲሮ ሴት ብቻዋን ያለችበት ግቢ ይገባሉ፣ ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ሻይ ጠጥተው ይወጣሉ። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ባል ቅር ብሎት አያውቅም። ከጓንታቸውና ከሞተራቸው ይበልጥ የሚሠሩት በስማቸው ነበር። ስማቸው ከተበላሸ ማንም በር አይከፍትላቸውም።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ኅዳር ነው። ሀጂራ የምትባል ገበሬ ላሟ ኮርማ ፈልጋ ጠራቻቸው፤ ባሏ ስንዴ ይዞ ኢተያ ሄዷል። ጋሽ ከዲሮ ደግሞ አንድ ልማድ አላቸው፤ የኮርማውን ፎቶ ሳያሳዩ አያዳቅሉም። «ልጅሽን ማን እንደሚያገባት ሳታዪ ትድሪያለሽ?» ይላሉ። ኮርማው፣ የኮርማው እናት፣ የተወለዱት ጊደሮች፣ ሁሉም ስልካቸው ላይ አሉ። ስልኩን ለሀጂራ ሰጧትና እጃቸውን ሊታጠቡ ዞሩ።

ሀጂራ ኮርማውን እያየች ሳለ ከስክሪኑ ራስ ላይ አንድ ነገር ወረደ። ደረቷ የተገለጠ ሴት፤ ከጎኗ በተሰባበረ አማርኛ የተጻፈ ጽሑፍ፦ «በአቅራቢያህ ያገቡ ሴቶች ብቸኛ ናቸው። አሁን አንተን በመጠበቅ ላይ። 2 ኪሜ።»

«ማል ኩኒ?» አለች ሀጂራ። «ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

ጋሽ ከዲሮ አዩትና ስልኩን ተቀበሏት። «ወላሂ አላውቀውም ልጄ» እያሉ ሊያጠፉት ሲጫኑት ጭራሽ ስክሪኑን ሞላው። ሀጂራ አልጮኸችም። ሻርፗን ሳብ አድርጋ ጎረቤቷን ተጣራች፤ ጎረቤቷ እስክትደርስም ከበረቱ ውጭ ቆመች። ላሟ ተዳቀለች። ሻይ ግን አልቀረበም። ጋሽ ከዲሮ ለእኔ ሲነግሩኝ ደጋግመው ያነሱት ሌላውን ሳይሆን ያን ነው፤ ሻይ አለመቅረቡን።

በሳምንቱ የሳጉሬ ገበያ ላይ ወሬው አድጎና ጎልምሶ ዋለ። ከዲሮ በስልኩ ያገቡ ሴቶች ያጠምዳል ተባለ። ላም ማዳቀሉም ሰበብ ነው ያለ አልጠፋም፤ በሠላሳ አንድ ዓመት የተወለዱለትን ጥጆች ረስቶ።

እዚህ ላይ ሁሴኖ ይግባ። የወተት ማኅበሩ ሰብሳቢና የጋሽ ከዲሮ የሠላሳ ዓመት ጓደኛ ነው። ዕድሜው ከእሳቸው ይበልጣል፤ ቢበልጥም አንቱ አልለውም፣ ምክንያቱን ስትሰሙ ትፈርዳላችሁ። ስልኩ ማስታወቂያ መትፋት ከጀመረ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበርና ጋሽ ከዲሮ ከሀጂራ ቤት በፊት ለእሱ አሳይተውታል። ያኔ የሚመጣው ገና ቫይረስና ሽልማት ነበር። ሁሴኖ አገላብጦ አየና «ስልክ ሲያረጅ እንዲህ ያደርገዋል፣ ተወው» አላቸው። አመኑት። እሱን ያላመኑ ማንን ይመኑ?

ማኅበሩ ተሰበሰበ። አባላቱ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሚስትና ሴት ልጅ ያላቸው ገበሬዎች ናቸው። አንዱ ይታገዱ አለ፣ ሌላው ለወረዳ እንጻፍ አለ። ጋሽ ከዲሮ አንገታቸውን ደፍተው «አላውቀውም» ከማለት ሌላ ቃል አልነበራቸውም። ያን ጊዜ ሁሴኖ ተነሣ።

«ሰው ነው፣ ይሳሳታል» አለ። «ሸይጣን ያላሳሳተው ማን አለ? ከዲሮ ወንድሜ ነው። አውፍ እንበለው።»

ይቅር ይባል ማለቱ ነው። ከዚያ ራሱ የጻፈውን ውሳኔ አነበበ፦ ከዛሬ ጀምሮ ከዲሮ ባል ወይም ሌላ ወንድ በሌለበት ግቢ አይገባም። ሰዉ ሁሉ የሁሴኖን ደግነት አደነቀ። ጋሽ ከዲሮም፣ ይሄ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ፣ ሲወጡ ትከሻውን ስመው አመሰገኑት።

ከዚያ በኋላ ጥሪው ቀረ። ባልን ከእርሻ አስጠርቶ ላም ማስዳቀል ማን ይችላል? ሰዉ ቱፋ ለሚባለው ለሌላው አዳቃይ መደወል ጀመረ። የጋሽ ከዲሮ ስልክ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ላም መስሏቸው ካፖርታቸውን ገልጠው ያወጡታል። ያገቡት ሴቶች ናቸው።

እኔ ጋ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ሱቁ ባዶ እስኪሆን ደጅ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ገብተው ስልኩን በግንባሩ ደፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ማነው ፍቀድ ያለው?» አልኳቸው እንደ ልማዴ።

«እኔ አይደለሁም።»

ሳቅኩ። «ጋሽ ከዲሮ፣ ሁሉም ወንድ እኮ እንደዚያ ነው የሚለኝ።»

አልተቆጡም። «አንቺም?» አሉ ብቻ።

አፍሬ ስልኩን ከፈትኩ። ማሳወቂያ እንዲልኩ ከተፈቀደላቸው ገጾች ዝርዝር ውስጥ የነበረው አንድ ስም ብቻ ነው። ቫይረሱንም፣ ሽልማቱንም፣ ሴቶቹንም የሚልከው እሱ አንዱ ነበር። መቼ እንደተከፈተ ፈለግኩ፤ ኳስ በነፃ የሚያሳይ ገጽ ነው፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል።

«ኳስ ያያሉ?» አልኳቸው።

«ኳስ? እኔ? የትኛው ቅዳሜ ነው?»

ቀኑን ነገርኳቸው። በጣታቸው ወደ ኋላ መቁጠር ጀመሩና መሃል ላይ ቆሙ። በዚያ ቅዳሜ ጮሌ ወረዳ ነበሩ። አክስታቸው አርፈው ለለቅሶ ሄደው ሁለት ቀን ቆይተዋል። በአክስታቸው መንደር ኔትወርክ ስለማያስተማምን፣ የገበሬ ጥሪ እንዳያልፋቸው ስልኩን ከነመክፈቻ ቁጥሩ ለጓደኛቸው ትተውለት ነበር፤ የሚደውለውን ለቱፋ እንዲያስተላልፍ። ለሌሎች ላም ብለው ነው ስልካቸውን ያልያዙት።

«ሁሴኖ የአርሰናል ደጋፊ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ሰው ሲወድቅ ግን ፊት ለፊቴ ያየሁት ያን ቀን ነው። ጋሽ ከዲሮ ወንበሩን ፈልገው ተቀመጡ።

አሁን በግልጽ ልናገር። መጫኑ ወንጀል አይደለም፤ ጨዋታ ሊጀምር ሲል ማን አንብቦ ይጫናል? ስብሰባው ላይ ተነሥቶ «ጎበዝ፣ ኳስ ሳይ የተጫንኩት እኔ ነኝ» ቢል ሰዉ ስቆ ይበተን ነበር። እሱ ግን የራሱን ጥፋት በሰው ትከሻ ላይ ጭኖ፣ ጭራሽ ይቅር ባይ ሆኖ ተመሰገነበት። ይሄ ነው ያላስቻለኝ።

ገጹን አገድኩት፤ አንድ ጣት ነው የፈጀው። «ቀኑንና ሰዓቱን አትሜ ልስጥዎት» አልኳቸው፣ «ስብሰባ ላይ አውጥተው ያሳዩአቸው።»

«ተዪው። ራሱ ይናገር» አሉኝ። «ሠላሳ ዓመት ነው እኮ ማሂ። ሦስት ጁምዓ እጠብቀዋለሁ።»

ጠበቁት። በመጀመሪያው ጁምዓ መስጊድ አጠገቡ ተቀምጠው «ስልኬን አሰላ ወስጄ አስመረመርኩ» አሉት። «ገላገለህ፣ አልሐምዱሊላህ» ብሎ ስለ ውርጭ ማውራት ጀመረ። በሁለተኛው ስለ ስንዴ ዋጋ አወራ። በሦስተኛው ጫማውን ቀድሟቸው አድርጎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጋሽ ከዲሮም ነግረውኛል፣ የሁሴኖ ሚስት ፈይሩዛም ነግራኛለች፤ የሁለቱ ቃል አይለያይም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልካቸው ጠራ።

«ላሟ ነች?»

«ነች ጋሼ» አለች ፈይሩዛ። «ከጠዋት ጀምራ ትጮሃለች። ቱፋ ስልኩ ዝግ ነው።»

ሄዱ። በሩ ላይ ሞተሩን አጠፉና እዚያው ቆሙ።

«ሁሴኖ አለ?»

«አዳማ ሄዷል። ይግቡ እንጂ ጋሼ!»

«ባል በሌለበት ግቢ አልገባም። ውሳኔ አለብኝ። ደውዪለት፣ ድምፁንም ከፍ አድርጊው።»

ፈይሩዛ ደወለች። ሁሴኖ ነገሩን ሲሰማ ጮኸ። «ግባ በይው እንጂ! ላሟ ልታልፍብኝ ነው! ምን ያቆመዋል?»

«ያነበብከው ውሳኔ ነዋ» አሉ ጋሽ ከዲሮ ከአጥሩ ውጭ ሆነው።

«እሱማ ለሰው አፍ ብዬ ነው፣ ከዲሮ! አንተ እንዳላደረግከው እኔ አላውቅም እንዴ?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

«እንዴት አወቅክ?» አሉ ጋሽ ከዲሮ።

ከወዲያ የመኪና ጡሩምባ ብቻ ተሰማ።

«ሁሴኖ፣ እንዴት አወቅክ?»

«ፈይሩዛ» አለ ሁሴኖ፤ «ስፒከሩን አጥፊው።»

አላጠፋችውም። «የእሳቸውን ስልክ ይዘህ ጎል ብለህ ጮኸህ ልጁን የቀሰቀስክብኝ ቅዳሜ ነው?» አለችው። ስልኩ ተዘጋ።

ፈይሩዛ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ጋሽ ከዲሮ እንዲያም ሆኖ ጎረቤት ካልተጠራ አልገባም አሉ፤ ጎረቤት ተጠራ፣ ላሟ ተዳቀለች። ሻይ ቀረበላቸው። ሳይጠጡት ተነሡ።

በማግስቱ ፈይሩዛ በእግሯ ሀጂራ ቤት ድረስ ሄዳ ያየችውንና የሰማችውን ነገረቻት። ሀጂራም ጋሽ ከዲሮ ጋ ደውላ አለቀሰች። ማኅበሩ ውሳኔውን ሻረ፣ ሁሴኖም ሰብሳቢነቱን ታምሜያለሁ ብሎ ለቀቀ። ጥሪው ተመልሷል። ጋሽ ከዲሮ ግን እንደ ድሮው አልተመለሱም። ስልካቸውን ለማንም አይሰጡም፤ የኮርማዎቹን ፎቶ እኔ ጋ አሳትመው በፕላስቲክ አስለብጠው ይዞራሉ። በየበሩም ሁለተኛ ሰው እስኪመጣ ቆመው ይጠብቃሉ። «ይግቡ ጋሼ፣ ያለፈው አለፈ» ይሏቸዋል። አይገቡም።

ከዚያ ሰኞ በኋላ በሃያ አንደኛው ቀን ሱቄ ውስጥ ነበሩ። ፎቶዎቹን እያስለበጥኩላቸው ሳለ ስልካቸው ጠራ። ሁሴኖ ይላል።

«ቁጥሩን ላግድልዎት?» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና አነሱት። «ላሟ ነች?»

«አዎ» አለ ሁሴኖ፤ በጠባቡ ሱቅ ውስጥ ድምፁ ለእኔም ይሰማል። «ሃያ አንድ ቀኗ ዛሬ ነው። ኮርማ አልፈለገችም።»

«ይዛለች ማለት ነው። አልሐምዱሊላህ።»

«ከዲሮ… የዚያን ነገር… ሠላሳ ዓመት እኮ…»

«ላሟ ከያዘች» አሉ ጋሽ ከዲሮ፣ «እስክትወልድ ድረስ የምትደውልበት ጉዳይ የለም።»

ዘጉት። ስልኩን ኪሳቸው ሊከቱ ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ አልገባ ሲላቸው ሰጡኝና እኔ ከተትኩላቸው።