በገሳይ መንገድ ያገኘሁት የባሕር ጠረፍ ምሽግ

የአየር ፎቶግራፍ ማንበብ የተማርኩት አዲስ አበባ፣ በአምስት ቀን ሥልጠና ነው። የተሰጠን ጥራዝ ስለ ባሕር ጠረፍ ምሽጎች የተጻፈ ነበር፤ በጦርነት ጊዜ ባሕር ዳር ተሠርተው የተረሱ የመድፍ ቦታዎችን ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶ እንዴት መለየት እንደሚቻል ያስተምራል። አገራችን ባሕሯን ከተሰናበተች ዓመታት አልፈዋል። እኔ ደግሞ የምሠራው ደብረ ታቦር፣ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ባሕር ላይ ያለ ምሽግ ማየት የሚፈልግ ሰው ፓስፖርት ማውጣት አለበት። ሌላ ጥራዝ ግን አልነበረም። አጠናሁት፣ አለፍኩ፣ ሰርተፊኬቴንም መስታወት አስገብቼ ከጠረጴዛዬ በላይ ሰቀልኩት።

ከጥራዙ የቀረልኝ ቁም ነገር አንድ ነው፦ ነጭ ክብ፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ካየህ መድፍ የተተከለበት ቦታ ነው።

ኃላፊያችን በዚያ ሰሞን ቅርስ ጠምቷቸው ነበር። ንጉሡ መድፍ ያሠሩበት ጋፋት አለልን ስንላቸው፣ “እሱማ የታወቀ ነው፤ አዲስ ነገር አምጡ” ይሉናል። አዲስ ቅርስ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማሁት ያኔ ነው። አንድ ቀን ከመዝገብ ቤት በደርግ ጊዜ ለካርታ ሥራ የተነሣ የአየር ፎቶ ተጠቅልሎ ተገኘ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ ጫፎቹን በስቴፕለርና በሻይ ብርጭቆ አስይዤ በማጉያ መነጽር ስቃኘው፣ ከገሳይ በላይ ካለው ሸንተረር ላይ ሦስት ነጭ ክቦች አየሁ። መሃላቸው ጥቁር ነጥብ አለ።

ሪፖርቱን በሁለት ቀን ጨረስኩ። “የጣሊያን ወረራ ዘመን የመድፍ ምሽግ” አልኩት። ፎቶው ላይ ለክቦቹ በቀይ እስክሪብቶ ቁጥር ሰጠኋቸው፤ ወደ መጀመሪያው ነጥብም ቀስት ስቤ “መድፍ” ብዬ ጻፍኩበት። ሪፖርቱ ስለ ተኩስ አቅጣጫ ራሱን የቻለ ገጽ አለው። በጥራዙ መሠረት መድፎቹ ወደ ባሕር መዞር ነበረባቸው፤ ባሕር ስላጣሁ ወደ አውራ ጎዳናው አዞርኳቸው። ኃላፊያችን አንብበው ሲጨርሱ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጨበጡኝ። ከዚያ በፊት ለማንም ሲነሡ አላየሁም።

በሳምንቱ ኃላፊያችን፣ አንድ መሐንዲስና እኔ በመኪና ወጣን። ቦታው የአንድ አዛውንት ገበሬ ማሳ ሆኖ ተገኘ። አዛውንቱ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀበሉን፤ ምን ፈልገን እንደመጣን ስነግራቸው ከኋላችን ተከተሉን።

ፎቶውን ይዤ ወደ መጀመሪያው ክብ ሄድኩ። ክቡ አለ። በእበት ተለቅልቋል፣ ጥጉ ላይ ገለባ ተከምሯል፣ መንሽ ተጋድሟል። አውድማ ነው። ሁለተኛውም አውድማ ነው። ሦስተኛው የጎረቤት አውድማ ነው። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ከበሬ ኋላ እየዞርኩ ገብስ አበራይቻለሁ። አውድማ ከሰማይ ሲታይ ምን እንደሚመስል የሚያውቁት ግን እግዚአብሔርና አሞራ ናቸው፤ ሁለቱም ሥልጠናው ላይ አልተጋበዙም።

ኃላፊያችን ተስፋ አልቆረጡም። “ጣሊያን መድፉን ነቅሎ ሲሄድ ገበሬው አውድማ አድርጎት ይሆናል” አሉ። መሐንዲሱ የጎብኚ መንገድ ፍለጋ ዙሪያውን ሲቃኝ፣ ከገብሱ ማሳ መሃል ያልታረሰ፣ ሣር የበቀለበት ጠባብ መሬት አየ። ርዝመቱ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። “ይኸ ወሰን ነው፤ ባዶ ነው። መንገዱ በዚህ ይገባል” ብሎ ችካል አነሣ።

“ችካሉን አትምታ” አሉ አዛውንቱ።

“ወሰን አይደለም እንዴ፣ አባቴ?” አልኳቸው።

“ወዲህም የኔ ነው፣ ወዲያም የኔ ነው። ከራሴ ጋር ምን ወሰን አለኝ? ልጄ ነው እዚህ ያለው።”

እንደነገሩን፣ ደርግ ሊወድቅ ሲል ልጃቸው ሚሊሺያ ተብሎ ተወሰደ። ሩቅም አልሄደ፤ በአባቱ ማሳ ላይ ምሽግ ቆፍር ተባለ። ውጊያው ካለፈ በኋላ አባት ሲመጡ ምሽጉ ውስጥ ሰባት ሬሳ አንድ ላይ ነበር፤ የትኛው የእሳቸው እንደሆነ መለየት አልተቻለም። አፈሩን መለሱበት። ከዚያ ወዲህ ሞፈር ሲደርስ ያነሣሉ፣ ተሻግረው ያርሳሉ።

“ታዲያ ምሽግ ነበረ ማለት ነው!” አሉ ኃላፊያችን፣ ፊታቸው በርቶ።

ያን ሰዓት ጠላኋቸው። ቀጥሎ ማን እዚህ እንዳመጣቸው አስታወስኩና ራሴን ጠላሁ። “ሪፖርቱ ስሕተት ነው፤ ክቦቹ አውድማ ናቸው” አልኩ። ኃላፊያችን ይህን በጽሑፍ እሰጥ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እሰጣለሁ አልኩ። ጨብጠውኝ የነበረውን እጅ ኪሳቸው ከትተው ወደ መኪናው ሄዱ። መሐንዲሱም ችካሉን ይዞ ተከተላቸው።

አዛውንቱ ፎቶውን ያዙ። “ይኸ መቼ የተነሣ ነው?”

ከጠርዙ ላይ ያለውን አነበብኩላቸው። ታኅሣሥ ነው፤ ዓመቱንም ስነግራቸው በጣታቸው ቆጠሩ።

“ልጄ ከመወሰዱ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ያን ዓመት እኔ እግሬን ታምሜ ተኝቼ ነበር። ገብሱን ያበራየው እሱ ነው፣ ብቻውን።”

ማጉያውን ሰጠኋቸው። በመጀመሪያው ክብ ውስጥ ያለው ጥቁር ነጥብ ጎን ለጎን የተጠመዱ በሬዎች ናቸው፤ ከኋላቸው ቀጠን ያለች ሌላ ነጥብ አለች። በሪፖርቴ የመድፉ አፈሙዝ ያልኳት እሷን ነው። አዛውንቱ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። ማንበብ አይችሉም።

“ይኸ ቀዩ ጽሕፈት ምን ይላል?”

“መድፍ ይላል፣ አባቴ። ተሳስቼ ነው።”

“አጥፋው።”

ምላጭ አምጥተውልኝ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ፋቅኳቸው። ፎቶው የመንግሥት ንብረት ነው፤ መዝገብ ቤቱ እስከ ዛሬ ይፈልገዋል። ቀስቱን ልፍቅ ስል እጄን ያዙኝ።

“እሱን ተወው” አሉኝ። “የት እንዳለ እንዳይጠፋኝ።”