ወንዝ የሌለው ድልድይ ሲመረቅ

ማይክ ሲያፏጭ እስከ ዛሬ መቀመጥ አልችልም። ባለፈው እሁድ ሰርግ ላይ ዘፋኙ ማይኩን ስፒከር ሥር ይዞት ሲገባ አዳራሹ በጩኸት ተሰነጠቀ፤ ብርጭቆዬን አስቀምጬ ወጣሁ። ሚስቴ «ምን ሆንክ?» አለችኝ። «ጩኸቱ ነው» አልኳት።

ነገሩ የድሮ ነው፤ ያኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሌላ ሥራ አላገኘሁም ነበር። ሐዋሳ፣ መናኸሪያ፣ አንዲት የቆርቆሮ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ፊልም እተረጉም ነበር። ሥራው ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ከመጋረጃ ጀርባ ቁጭ ብሎ፣ ፈረንጆቹ በተናገሩ ቁጥር በማይክ በአማርኛ መናገር ነው። ባለቤቱ ዕድሜያቸውን ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጉሮሮዬ እንዳይደርቅ ሻይ በመጋረጃው ሥር ያቀብሉኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ከመጡት ካሴቶች መሃል የፈረንሳይ ፊልም ተገኘ። እንግሊዝኛውም ለእኔ በግምት ነው፤ ፈረንሳይኛ ከየት አባቴ! ምስሉ ግን ግልጽ ነበር። አንድ ሚኒስትር ከነማርሽ ባንድ ሙዚቀኞቹ፣ እርሻ መሃል ድልድይ ይመርቃል፤ ከሥሩ ወንዝ የለም። ሁሉም ኮስተር ብለው ያጨበጭባሉ። እኛ ሰፈር ደግሞ በዚያው ሰሞን ውሃ የማይወርድበት ቦኖ ተመርቆልን ነበር። አላስቻለኝም። የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ድምፅ አስመስዬ፣ «ከመቼውም ጊዜ በላይ ተሻግረናል!» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

በሳምንቱ ሊቀመንበሩ ራሱ ከሁለት ታጣቂ ጋር መጣ። ፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጠና «ያንን ፊልም ክፈቱት» አለ። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት። ዛሬስ ማሞገስ ብቻ ነው አልኩ። ሚኒስትሩ አፉን ሲከፍት፣ «ድልድዩ በጣም ጥሩ ነው፤ ወንዙም በቅርቡ ይደርሳል» ብዬ ተረጎምኩ። ወይ ጉድ! ሰዉ ጭራሽ በሳቅ ተንፈራፈረ። «ሕዝቡ ረክቷል» ስል ባሰ፤ «ክቡርነታቸው ልክ ናቸው» ስል አንዱ አግዳሚ ተገለበጠ። ከድንጋጤዬ ማይኩን ስፒከሩ ላይ አስጠጋሁት፤ ሲጥ ብሎ ጮኸ፤ ሳቁም ቆመ።

«ማነው ተርጓሚው?» አለ ሊቀመንበሩ።

እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። እናቴን! ከፍቼ ነበር። ድምፅ አልወጣም። ጋሼ ከበሩ ላይ ተነስተው፣ «እኔ ነኝ» አሉ።

«አንተ? ፈረንሳይኛ?»

«ንግድ የማያስተምረው የለም፣ ጌታዬ።»

ድምፁ የእሳቸው እንዳልሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ሊቀመንበሩም ያውቃል። ግን ሰው ይዞ መሄድ ነበረበት፤ ይዞ ሄደ። እኔ ማይኩን አቅፌ ከመጋረጃ ጀርባ ተኮራምቼ ቀረሁ።

ቪዲዮ ቤቱ ታሸገ። ጋሼ ከወራት በኋላ ሳል ይዘው ተፈቱ። ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ተኝተው ሳሉ እንደምንም ደፍሬ ሄድኩና፣ «ጋሼ፣ ያን ቀን እኮ እኔ…» ስል፣ እጄን ጭምቅ አደረጉና «ዝም በል! እናትህ ከአንተ ሌላ ማን አላት?» አሉኝ። ሻይ ቀድቼ አቀበልኳቸው። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

ለቅሶው ቤት ትንሿ ልጃቸው መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባባ ፈረንሳይኛ ይችል ነበር አይደል? ልጆች ውሸትሽን ነው አሉኝ። አንተ አብረኸው ስለሠራህ ታውቃለህ።»

ፊቷን ማየት አቃተኝ።

«አዎ የኔ እናት» አልኳት። «እንደ አፍ መፍቻቸው ነበር የሚናገሩት።»

ለወንድሟ ልትነግረው ሮጣ ሄደች።